ሴራሚኩ ሲነሳ የበሰበሰ እንጨት ወጣ፤ ግድግዳው ይፍረስ ወይስ ይደፈን?

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፍልዎት። የእናቴ ቤት በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ቤት ነው። ከዓመታት በፊት በጓሮ በኩል ያለችውን ትንሽ ክፍል ሻወርና ሽንት ቤት አድርገናት ነበር። አሁን እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቁጢጥ የሚባልበትን አንስተን ባለ መቀመጫውን ልናስገባ፣ ሴራሚኩንም ልንቀይር ጀመርን። ግንበኛው የግድግዳውን ሴራሚክ ሲያነሳ ውስጥ ያለው ባህር ዛፍ ከታች በኩል ጠቁሮ ተገኘ። በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። የበሩ መቃን እግሩ በስብሷል። ኮርኒሱ ላይም ቡናማ ነጠብጣብ አለ። ግንበኛው «የተቃጠለ ዘይት ቀብተን በሲሚንቶ እንድፈነው» ይላል። አጎቴ ደግሞ «ግድግዳው በሙሉ ይፍረስ» ይላሉ። የማንን ልስማ? ቦይለሩ አሁንም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው።

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ እንጨቱ ከማውራታችን በፊት ቦይለሩን አስወርጂ። ነገ ሳይሆን ዛሬ። ባለ 80 ሊትር ከሆነ ሲሞላ ውሃው ብቻ 80 ኪሎ ነው፤ የራሱ ብረት ሲጨመርበት መቶ ይጠጋል። ባለ 50 ቢሆንም ቀላል እንዳይመስልሽ። ያን ሁሉ ክብደት የተሸከመው ጭቃው ወይም ልስኑ አይደለም። ከውስጥ ያለው እንጨት ነው። እሱ ደግሞ በጣት ይፈረፈራል እያልሽኝ ነው።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ከዋናው አጥፉ። ቀጥሎ ውሃውን ዝጉ፤ ቦይለሩን አፍስሳችሁ ባዶ አድርጉት። ከዚያ ሁለት ሰው ይዞ ያውርደው። «ምን ችግር አለው፣ ከነውሃው እናውርደው» የሚል ጎበዝ ከመጣ አትፍቀጂለት። ሥራው እስኪያልቅም የዚያ ክፍል መስመር እንደጠፋ ይቆይ። እርጥብ ግድግዳ፣ አሮጌ ሽቦና መሮ የያዘ ሰው አንድ ቦታ መገናኘት የለባቸውም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ግንበኛሽና አጎትሽ የማይስማሙ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ እንጨቱ ብቻ ነው። ውሃው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም።

እንጨት ስላረጀ ብቻ አይበሰብስም። በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን ጀምሮ የቆመ ምሰሶ አለ። እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው። ፈንገስ ለመኖር አራት ነገር ይፈልጋል፤ ምግብ፣ አየር፣ ሙቀትና ውሃ። ምግቡ ራሱ እንጨቱ ስለሆነ ልትከለክዪው አትችዪም። አየሩንም እንደዚያው። ሙቀቱን በተመለከተ የደብረ ብርሃን ብርድ ያዘገየው ይሆናል እንጂ አይገድለውም፤ በየቀኑ ሙቅ ውሃ የሚፈስበት ክፍል ደግሞ ከነጭራሹ ብርድ የለውም። በእጅሽ ያለው ውሃው ብቻ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገስ አይነሳም። 30 በመቶ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲደርስ ግን እንደልቡ ይበላል። ስለዚህ ሥራሽ ሁለት ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቂ እንጨት አትቀይሪ። ግድግዳው ሳይደርቅ አትዝጊው። የቀረው ሁሉ ለአናጢና ለግንበኛ የማያቅት ሥራ ነው።

እናንተ ቤት ውስጥ ውሃ የሚገባበት መንገድ አንድ ብቻ አይመስለኝም። ከጻፍሽው ተነስቼ ሦስት እጠረጥራለሁ። ዝናብ፣ ቧንቧና ፍሳሽ፣ የሻወር እንፋሎት።

ከዝናቡ እንጀምር፤ በጭቃ ቤት ላይ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ክፍሏ በጓሮ በኩል ናት ብለሻል። ውጪ ዞሪና የግድግዳውን እግር እዪው። አሸንዳ አለ? ከሌለ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ እየተፈናጠረ የግድግዳውን እግር ያርሰዋል። የውጪው አፈር ከውስጡ ወለል ከፍ ብሎ ተከምሯል? ብዙ ጊዜ ጓሮ ውስጥ አመድና አፈር እየተደፋ ዓመት ከዓመት ከፍ ይላል፤ ማንም ልብ አይለውም። ቦይ ከሌለ ደግሞ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ወደ ግድግዳው ስር ሄዶ ይተኛል። ምልክቱ ቀላል ነው። መበስበሱ ከሻወሩ ክፍል አልፎ በዚያው መስመር ባለው ሌላ ክፍል ግድግዳ ስርም ከቀጠለ ጥፋቱ የዝናቡ ነው። ሻወሩ ጋ ብቻ ከቆመ ዝናቡን ለጊዜው ተዪው።

እዚህ ላይ ስለ ሲሚንቶ ልስን አንድ ነገር ልበል። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፤ ግን መልሶ ይተነፍሰዋል። በሲሚንቶ ሲለሰን ቤቱ ያምራል፣ ዝናብም አይሸረሽረውም። ነገር ግን ከስር ወይም በስንጥቅ የገባ ውሃ መውጫ ያጣል። በውስጥ በኩል ሴራሚክ፣ በውጪ ሲሚንቶ፣ መሃል ላይ ጭቃ፣ ጭድና ባህር ዛፍ ሲሆን እንጨቱ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይከርማል። ግንበኛሽ «እንድፈነው» ያለው ይህንኑ ድጋሚ ለመሥራት ነው።

ሁለተኛው ቧንቧና ፍሳሽ ነው። ለንጹህ ውሃው መስመር በቤቱ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ ዝጉና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ተሽከርካሪ ምልክት ተመልከቱ። ሁሉም ተዘግቶ እሷ ከዞረች የሆነ ቦታ ያፈሳል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ከሆነ ገና እንደመጣ አትፈትሹ፤ አየሩም ቆጣሪውን ያዞረዋል። ትንሽ ይረጋጋ። ሮቶ ካላችሁ ደግሞ ማታ ሁሉ ሰው ከተኛ በኋላ መሙያውን ዘግታችሁ የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉበት። ወደ ቤት የሚወስደው መስመር ክፍት ይሁን። ጠዋት ከቀነሰ መልሱን አገኛችሁ።

ፍሳሹ ትንሽ ያስቸግራል፤ ቆጣሪ የለውማ። የወለሉን ሴራሚክ ገና ስላላነሳችሁት ግን ዕድለኛ ነሽ። ጨርቅ በላስቲክ ጠቅልላችሁ የወለሉን ፍሳሽ አፍ ድፈኑት። ወለሉ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ውሃ ሙሉና ዳሩን በእርሳስ አስምሩበት። በማግስቱ ከምልክቱ በግልጽ ከወረደ ወለሉ ራሱ ያስገባል። ካልወረደ ደግሞ ውጪ ያለውን ማንሆል ከፍታችሁ የቧንቧውን ጫፍ በዚያ በኩል ድፈኑ። ከውስጥ እስከ ወለሉ አፍ ድረስ ውሃ ሙሉበት። ቶሎ ከወረደ ከወለል በታች ያለው ቧንቧ ተሰብሯል ማለት ነው።

በእናንተ አካባቢ ይህ የመጨረሻው ብዙ ያጋጥማል። ምክንያቱ ዋልካው ነው። ጥቁሩ መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በውስጡ የተቀበረ ቧንቧ በየዓመቱ ይነሳል፣ ይወርዳል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ የታሰረ ከሆነ አንድ ቀን ይለቃል። ስለዚህ አዲሱን የፍሳሽ መስመር ስታስቀብሪ በፒቪሲ ይሁን፤ የጎማ ቀለበት ባለው መጋጠሚያ። ከስሩና ከዙሪያው አሸዋ ይደረግለት። ዋልካው በቀጥታ እንዳይነካው ነው።

ሦስተኛው እንፋሎት ነው። ኮርኒሱ ላይ ያየሽው ቡናማ ነጠብጣብ የጣራ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን እንፋሎቱን የበለጠ እጠረጥራለሁ። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት በሙቅ ውሃ የሚታጠብ ሰው ደግሞ መስኮት አይከፍትም፤ ማን ይከፍታል! እንፋሎቱ በኮርኒሱ ስንጥቅ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ተመልሶ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ሰው «ቆርቆሮው ያፈሳል» ብሎ ጣራ ላይ ይወጣል፤ ቀዳዳ ፈልጎ ያጣል። መለያው ጊዜው ነው። ነጠብጣቡ በሐምሌ የሚሰፋ ከሆነ ቆርቆሮውን አስፈትሺ። በበጋው ብርድ፣ ዝናብ በሌለበት የሚሰፋ ከሆነ እንፋሎት ነው። የኮርኒሱ ሚስማሮች በሙሉ ከዛጉ እሱም ወደ እንፋሎቱ ይጠቁማል፤ የጣራ ቀዳዳ የሚያዝገው ከስሩ ያሉትን ብቻ ነው።

ግድግዳው ላይ የምታዪው እርጥበት ከውስጥ ይሁን ከአየሩ መለየት ካቃተሽ ደግሞ ጥርት ያለ ላስቲክ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር፣ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀሽ ለጥፊበት። አንድ ሁለት ቀን አቆዪው። ውሃው በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከተጠራቀመ ከግድግዳው የወጣ ነው። በውጪው ገጽ ላይ ከሆነ የክፍሉ እንፋሎት ነው።

ሌላም ነገር አረጋግጪ። ምስጥ እንዳይሆን። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ስለማይመቸው ብዙም አያስቸግርም። ጠያቂዬ ከጣርማ በር ወዲያ ወርዳ ከሸዋ ሮቢት ብትጽፍልኝ ኖሮ ግን መጀመሪያ የማስበው ምስጥን ነበር። ምስጥ የበላው እንጨት ውስጡ ባዶ ሆኖ አፈር ይሞላዋል፤ ግድግዳው ላይም የጭቃ መስመር ይሠራል። የናንተ ጠቁሮ፣ ረጥቦ የሚፈረፈር ከሆነ መበስበስ ነው።

የተቃጠለ ዘይቱን ነገር ልጨርሰው። ልማዱ አለ፤ የአጥር እንጨት እግር ሲቀባ ኖሯል። ለአጥር እሺ ይሁን፣ እሱንም ብዙ አልወደውም። ለመታጠቢያ ቤት ግን አይሆንም። አንደኛ፣ የረጠበ እንጨት ዘይት አያስገባም፤ ላዩ ላይ ብቻ ነው የሚቀረው። ከውስጥ ያለው ፈንገስ ሥራውን ይቀጥላል፤ እንዲያውም የእንጨቱ መድረቂያ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ዘይት የነካው ቦታ ላይ ሲሚንቶም ሆነ የሴራሚክ ማጣበቂያ አይዝም። ሦስተኛ፣ ከሞተር የወጣ ዘይት የብረት ብናኝና መርዛማ ነገር አለው። እናትሽ በየቀኑ የሚገቡበት፣ በሩ የሚዘጋ ጠባብ ክፍል ነው። ሽታው ራሱ ያማርራቸዋል።

የአጎትሽ ሐሳብ ከግንበኛው ይሻላል፤ ግን ያለ ምርመራ ሙሉ ግድግዳ ማፍረስ ገንዘብ ማባከን ነው። ደግሞም አደጋ አለው፤ ያ ግድግዳ ጣራ ተሸክሟል።

ስለዚህ የትኛው እንጨት እንደሚቀር ለማወቅ እያንዳንዱን ቋሚ በካቻቢቴ ወጊው። በሰላ ቢላም ይሆናል። ጤነኛ እንጨት አያስገባም፤ ጫፉን ብትፈለቅቂው ረጅም ስንጣሪ ሆኖ ይነሳል። የበሰበሰው ግን ጫፉን ይውጠዋል፤ ሲፈለቀቅም አጭር ሆኖ ቅንጥስ ይላል። ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ በየመዳፉ ልክ ወጊና ጤነኛው የሚጀምርበት ላይ በጠመኔ አስምሪ። ማገሮቹንም አትርሺ፤ ቀጭን ስለሆኑ ቶሎ ይሄዳሉ። ላዩ ብቻ ጥቂት ሚሊሜትር የላላ ቋሚ በመሮ ተፍቆ፣ ደርቆ ሊቀጥል ይችላል። ውፍረቱ አንድ አራተኛ ያህል ከተበላ ግን እኔ አላምነውም። የሚቆረጠውም ከጠመኔው ምልክት ላይ አይደለም። 30 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ጤነኛው አልፎ ይቆረጥ፤ ፈንገሱ ዓይን ከሚያየው ቀድሞ ነው የሚሄደው።

ከመቁረጥ በፊት ድጋፍ። ጣራውን የተሸከመውን አግዳሚ ከውስጥ በሁለት ሦስት ወፋፍራም ባህር ዛፍ ደግፉት። ድጋፎቹ ከስራቸው ጣውላ ይደረግላቸው፤ መሬት እንዳይሰምጡ። ከዚያ አንዱን ቋሚ ሳትተኩ ሌላውን አታውጡ። ደረጃ በደረጃ። ግንበኛው «አንዴ እናውጣቸውና እንገላገል» ካለሽ ሌላ ግንበኛ ፈልጊ።

በምን ይተካ? የእኔ ምክር እንጨቱን በእንጨት አትተኪው ነው፤ ቢያንስ ከታች። የሻወሩ ክፍል ግድግዳ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ገደማ በድንጋይ ወይም በባለ 15 ብሎኬት ይሠራ። ቋሚዎቹ ከጤነኛው ላይ ይቆረጡና በዚያ ግንብ ላይ ይቁሙ። በግንቡና በእንጨቱ መካከል ወፍራም ላስቲክ ወይም ካርታ ሬንጅ (ሬንጅ የጠጣ ወፍራም ወረቀት) ይግባ። ውሃ በሲሚንቶው ውስጥ ወደ ላይ እየተሳበ እንጨቱን እንዳያገኘው ነው። ማሰሪያው ከግንቡ የወጣ ፌሮ ወይም የማይዝግ ላሜራ ይሁን። እንጨቱን ኮንክሪት ውስጥ መትከል የሚባለውን አትስሚ። ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተርና በዙሪያው ክፍተት ይፈጠራል። ውሃ እዚያ ገብቶ መውጫ ያጣል። እግሩ ውሃ በያዘ ጣሳ ውስጥ እንደቆመ ያህል ነው።

የግንቡ መሠረትም ዋልካውን አልፎ ጠንካራው አፈር ላይ ይድረስ። ካልደረሰ በሚቀጥለው ክረምት ግንቡ ተነስቶ ሴራሚክሽን ይሰነጥቀዋል። ዋልካው በጣም ጥልቅ ከሆነ ግን ሰፋ ያለ የድንጋይ መሠረት ይሻላል፤ ይህን ቦታውን ያየ መሐንዲስ ወይም የቆየ ግንበኛ ይወስን።

የሻወሩ ክፍል ግድግዳ እስከ ላይ በሙሉ በብሎኬት ቢሠራ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ አቅም ካለ። ቦይለሩም የሚመለሰው እዚያ ነው። ባዶው ብሎኬት ላይ ግን በተራ ፊሸር እንዳይሰቀል፤ ቦይለሩ የሚያርፍበት የብሎኬቱ ቀዳዳ በኮንክሪት ይሞላ። ወይም እግር ያለው የብረት ማቆሚያ ይሠራለት።

ከላይ ለሚተካው እንጨት፣ ባህር ዛፍ ይሆናል። አፄ ምኒልክ ካስገቡት ወዲህ ሸዋን የሠራው እሱ ነው፤ እሳቸውም የዚሁ የአንጎለላ ልጅ ናቸው። ግን ሰዎች አንድ ነገር ይስታሉ። አጠናና ቀጭን ቋሚ ገና ልጅ ዛፍ ነው። ልጅ ዛፍ ደግሞ አብዛኛው ከልጡ ስር ያለው ነጩ ክፍል ነው፤ ነጩ መበስበስን አይቋቋምም። ስለዚህ ወፈር ያለውን፣ ልጡ የተላጠውን፣ በጥላ ቆይቶ የደረቀውን ግዢ። ከነልጡ ያለ እንጨት እርጥበትም ነፍሳትም ያቆያል።

የሐበሻ ጥድ ብታገኚ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ቀዩ እምብርቱ ለመበስበስም ለምስጥም አይበገርም። ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ስለሆነ ከወፍ ዋሻ ደን ቆርጬ ላምጣልሽ የሚል ካለ አትቀበዪው። አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣውን ፈልጊ። ገለጥ አድርገሽ ፋቂው፤ ቀላ ብሎ የታወቀው የጥድ ሽታ ከመጣ እሱ ነው። ሱቅ ውስጥ ሞራሌ ሆኖ የሚሸጠው የፈረንጅ ጥድ ሌላ ዛፍ ነው። ለኮርኒስ ይሆናል፤ ለእርጥብ ቦታ ግን አልመክረውም።

ቦራክስ ወይም ቦሪክ አሲድ ከኬሚካል መሸጫ ካገኘሽ በማሸጊያው ላይ ባለው መጠን በውሃ በጥብጠሽ የሚቀሩትን እንጨቶችና የአዲሶቹን ጫፎች ደጋግመሽ ቀቢ። ወደ እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ፈንገሱን ያቆማል። ውሃ ካገኘው ግን ታጥቦ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚያፈስ ቧንቧን አያካክስም። የጓንትና የጭንብሉን ነገር አደራ። ሻጋታ ያለበትን ጭቃ ስትፍቁም እንደዚያው፤ አስም ያለበት ሰው አቧራው ጋ አይድረስ። የተነሳውን ጭቃ መልሳችሁ አትምረጉበት፤ ጭዱም የፈንገስ ምግብ ነው።

አሁን የሚያናድደው ክፍል፤ መጠበቅ። ግድግዳው ከተከፈተ በኋላ መድረቅ አለበት። ላዩን ነክቶ «ደርቋል» ማለት አይሠራም። እርግጠኛ ለመሆን ሚዛን ይበቃል። ከሚቀረው ቋሚ ላይ፣ ከመሃሉ፣ የቡጢ ያህል ቁራጭ አውጪና ወዲያው መዝኚ። ከዚያ ኦቨን ውስጥ 100 ዲግሪ አካባቢ አድርገሽ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቂው፤ ደግመሽ መዝኚ። ልዩነቱን ለደረቁ ክብደት አካፍዪ። ለምሳሌ 240 ግራም የነበረው 200 ከሆነ፣ 40 ለ200 ሲካፈል 20 በመቶ ነው። እዚያ ድንበር ላይ ከሆነ ጠብቂ። 16፣ 17 ሲደርስ ዝጊ። ወፍራም ቋሚ ሳምንታት ይፈልጋል፤ አንዳንዴ ከወር በላይ።

ለዚህ ነው ይህን ሥራ በክረምት አትጀምሪ የምለው። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ይበርዳል፤ ግን አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋስም አለ። መስኮቱና በሩ ቀን ቀን ክፍት ይሁን። ከሰል አንድዶ ማድረቅ የሚባል ነገር አለ፤ ዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። አይሞከር።

የበሩ መቃን እግሩ ብቻ ከሆነ የበሰበሰው፣ ሁሉን አትቀይሪ። አናጢው ከበሰበሰው አልፎ ጤነኛው ላይ ይቁረጠውና በሰያፍ ይቀጥልበት። የመቃኑ እግር ወለሉን እንዳይነካ ግን አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ይነሳ። ከስሩ ሴራሚኩ ይለፍ፣ ክፍተቱ በሲሊኮን ይዘጋ። መቃን ከታች ጀምሮ የሚበሰብሰው የእንጨቱ ጫፍ ውሃ ስለሚስብ ነው። ኪስ ከፈቀደ አሉሚኒየም አድርጊውና ተገላገዪ። የሻወሩ ወለል ከኮሪደሩ ሁለት ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል። እናትሽ ጉልበት ስለሚያማቸው ከዚያ አይብለጥ፤ ሲገቡ እንዳያደናቅፋቸው። መቀመጫው አጠገብ መያዣ ብረት ይደረግላቸው፤ ብሎኬቱ ሲገነባ ቦታው ላይ ኮንክሪት እንዲሞላ አሁኑኑ ንገሪው።

ሴራሚክ ራሱ ውሃ አያሳልፍም፤ በመሃሉ ያለው መሙያ ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ውሃ የሚከለክለው ከሴራሚኩ ስር የሚቀባው ዋተር ፕሩፍ፣ ማለትም ውሃ የማያሳልፍ ቅብ፣ ነው። በሲሚንቶ የሚበጠበጠው ዓይነት ይበቃል። ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አቋርጦ። ማዕዘኖቹና ቧንቧ የሚወጣበት ዙሪያ ላይ መረብ ይግባ። ወለሉ በሙሉ ይቀባና በየግድግዳው 20 ሴንቲሜትር ይውጣ፤ ሻወሩ ጋ እስከ ሁለት ሜትር። ወለሉ በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲሜትር ወደ ፍሳሹ ይዘቅዝቅ። ሲደርቅ ፍሳሹን ድፈኑና ውሃ ሞልታችሁ 24 ሰዓት አቆዩት። ሳይወርድ ካደረ ሴራሚኩ ይነጠፍ። ግንበኛ ይህችን ቀን ይጠላታል። ዕለቱን ክፈዪውና ይጠብቅ።

ለእንፋሎቱ፣ ኮርኒሱ ይቀየር። ቺፕውድ አይሁን፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል። የፒቪሲ ኮርኒስ ይሻላል። ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ 20 በ20 የሚሆን ማስተንፈሻ ይውጣ፤ ከቻላችሁ ቬንቲሌተር ይግባበት። እንፋሎቱ በቀጥታ ወደ ውጪ ይውጣ፤ ኮርኒስና ቆርቆሮ መሃል እንዳይለቁት። ከበሩ ስር አንድ ጣት ክፍተት ካልተተወ ደግሞ ቬንቲሌተሩ የሚስበው አየር አያገኝም። ውጪ አሸንዳና ቦይ ይሠራ፤ የተከመረው አፈር ይነሳ። ይህ ከሁሉም ርካሹ ሥራ ስለሆነ ነገ ልትጀምሪው ትችያለሽ።

ጥቁሩን ሻጋታ ለማጽዳት በረኪና ከተጠቀምሽ፣ በሽንት ቤት ማጽጃው አሲድ እንዳትደባልቂው። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ላዩን ያነጣል እንጂ እንጨት ውስጥ ያለውን ፈንገስ አይደርስበትም፤ ለሴራሚክ እንጂ ለቋሚ አይደለም።

የበሰበሰው እንጨት ከደረቀ ማገዶ ይሆናል። ግንበኛው አስቀድሞ ዘይት የቀባው ካለ ግን ለይታችሁ አስወግዱት፤ ምጣድ ስር እንዳይገባ።